እስከ ሐሙስ ዝም በል

ዓባይ ማዶ ላይ ባሌን «ጠበል አድራቂው» የሚሉት ሰዎች አሉ። ፊት ለፊት አይሉትም፤ ቢሉት እኔ የብርጓል ምን እንደምመልስላቸው ያውቃሉ። ከኋላ ግን ባጃጅ ተራው ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይንሾካሾካሉ፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ይደርሳል። እንግዲህ ዛሬ ልናገርና ይውጣልኝ። ባሌ አካሉ ሠራው የሚባለው ጥፋት የእሱ አይደለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ምላሴ የማያርፈው ሴትዮ።

አካሉ የዘጌ ልጅ ነው። አባቱ ቄስ፣ አያቱም ቄስ ነበሩ፤ እሱም ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ ሲማር ነው ያደገው። የኔታ «ይህ ልጅ ጆሮው የተባረከ ነው» ይሉለት ነበር አሉ። ምን ዋጋ አለው! በአሥራ አራት ዓመቱ ተስቦ ያዘው፤ እሱ ከሞት ሲተርፍ ድምፁ አልተረፈም። እስከ ዛሬ ሲናገር ሹክሹክታ ነው የሚመስለው፤ ሰው ከሩቅ ሊጠራ ሲፈልግ ያጨበጭባል እንጂ መጣራት አይችልም። በዚያን ጊዜ አንዳንድ ክፉ አፍ ያላቸው ሰዎች «አንድ ነገር ቢያጠፋ ነው እንጂ እግዚአብሔር ለምስጋና የሰጠውን ድምፅ መልሶ አይወስድም» ብለው አወሩበት። ይህ ነገር ልቡ ውስጥ ተቀበረ። ሁለት ዓመት ጓደኞቹ ሲያዜሙ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና አንድ ቀን የየኔታን እግር ስሞ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ተሻገረ።

ባሕር ዳር እንደመጣ የቧንቧ መስመር በሚዘረጉ ሰዎች ዘንድ ቆፋሪ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ጊዜ መሬት ውስጥ የፈነዳ ቧንቧ አጥተው ሦስት ቦታ ቆፍረው ሰለቻቸው። አካሉ ድጅኖውን መሬት ላይ ተከለና ጆሮውን ከጫፉ ላይ አስጠጋ። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ተከለ፤ ደግሞ አዳመጠ። «እዚህ ነው» አላቸው። ሳቁበት፤ ቆፈሩ፤ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አርባ አንድ ዓመት ሥራው ይኸው ሆነ፤ መሬት ማዳመጥ። «ትልቁ ቀዳዳ ያጉረመርማል፤ ትንሹ ያፏጫል» ይለኛል። ለዜማ የተሰጠ ጆሮ ለጭቃ ዋለ ብሎ አዝኖ እንደሆነ አንድ ቀንም ነግሮኝ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ግን ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፤ ካህናቱ ሲያዜሙ አንዱ ሳት ያደረገ እንደሆነ ፊቱ ኮምተር ይላል።

እኔ ደግሞ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ነው የኖርሁት። እዚያ ካልጮኹ የሚሰማ የለምና ጩኸቱ ጡረታም ወጥቼ አብሮኝ ቀረ። እሱ ያንሾካሹካል፣ እኔ እጮኻለሁ፤ ጎረቤት የሚሰማው የእኔን ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ የምጣላ እመስላለሁ። ቤታችንን ከሠራን ሃያ ሁለት ዓመት ሆነን። ከበሩ፣ ከውኃ ቆጣሪው ተነሥቶ በግቢያችን ሾላ ዛፍ ሥር አልፎ እስከ ማድ ቤት የሚደርሰውን ቧንቧ የቀበረው ራሱ አካሉ ነው። ማንንም አላስነካም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

ያለፈችው ኅዳር ጽዮን እሑድ ነበር የዋለችው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ ስምንት ዘጠኝ ቀን ይጠፋል፤ ተራችን ሲደርስ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ይቆያል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ከቅዳሴ ስመለስ ባንቺአየሁ ግቢያችን ውስጥ ሾላው ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። ባንቺአየሁ የአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ኪዲን ብቻዋን የምታሳድግ።

«እትዬ፣ ይምጡ ይዩ! ጽዮን ጎበኘችን!» አለችኝ እንባዋ እየወረደ።

አየሁ። ትናንት አቧራ የነበረው መሬት ላይ፣ ከሾላው ሥሮች መካከል፣ ንጹሕ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በስመ አብ! እኔም ተንበረከክሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። አንዱ ልጄ ድሬዳዋ፣ አንዷ ሐዋሳ ናቸው፤ ያ ግቢ ዓመት ሙሉ በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለውም። በዚያን ቀን ግን እኩለ ቀን ሳይሆን ጣሳ የያዘው፣ ጀሪካን የያዘው፣ ሕፃን የታቀፈችው ሁሉ ግቢዬን ሞላው። «የታደልሽ! ግቢሽ የተመረጠ ነው» እያሉ እጄን ይስማሉ። ሰው እንዲህ ሲልሽ ልብ አያብጥም ወይ?

ከሰዓት በኋላ ቄስ ገድሉ መጥተው አዩት። አስተዋይ ሰው ናቸው። «ልጆቼ፣ ጠበል ታይቶ፣ ተመርምሮ፣ ተባርኮ ነው። ቤተ ክህነት ሳያውቀው አትቸኩሉ። ሐኪም የሰጣችሁን መድኃኒትም እንዳትጥሉ፤ እሱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው» ብለው ሄዱ። ማን ሰማቸው? ባንቺአየሁማ በዚያ ሰዓት ልጇን ልታመጣ ሄዳ ነበርና ጨርሶ አልሰማችም።

አካሉ ጠዋት ለቅሶ ቤት ነበር። ሲመለስ ሰዉን አልፎ ሾላውን ዐየና ዝም ብሎ ወደ ጓዳ ገባ፤ ድጅኖውን ይዞ ወጣ። መሬት ላይ ተክሎ ጎንበስ ሲል ሰዎች የሚሰግድ መስሏቸው ቦታ ለቀቁለት። እሱ ግን ያዳምጥ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሯል። ወደ በሩ ሄዶ የቆጣሪውን ክዳን ገለጥ አደረገና ተመልሶ እኔን በዓይኑ ጠራኝ። ተከትዬው ገባሁ፤ በሩን ዘጋው።

«የብሬ፣ የፈነዳው ቧንቧችን ነው» አለኝ።

«ምን?»

«ያ እኔ የቀበርሁት። ሾላው ጋ ያለው መጋጠሚያ ለቅቋል። ሥሩ ገፍቶት ይሆናል፤ ውኃው ደግሞ ከዘጠኝ ቀን በኋላ በኃይል ሲመጣ በጠሰው። ቆጣሪው እንደ እብድ ይዞራል። አሁን ሄጄ ብዘጋው በአንድ ደቂቃ ቀጥ ይላል።»

ሊወጣ ሲል ክንዱን ያዝሁት። «አብደሃል እንዴ? ይህ ሁሉ ሰው በጽዮን ቀን ደስ ብሎት መጥቶ አንተ ልትዘጋበት? ምን እንደሚሉህ አታውቅም? ድምፁን እንዲህ ያለ ሰው ስለሆነ ነው የተቀማው ይሉሃል!»

ይህን ማለቴን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የት እንደሚያመው ዐውቄ ነው የወጋሁት። አካሉ ከበሩ ላይ እጁን አወረደ።

እኔ እንደሆንሁ አንዴ ከጀመርሁ አላቆምም። «ስማኝ» አልሁት። «ሐሙስ ፈረቃችን ያልቃል። ውኃው በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ ሰዉም ጽዮን ጎብኝታን ሄደች ብሎ ይበተናል። አንተም አትሰደብም፣ እኔም አላፍርም። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለህ ትጠግነዋለህ። እስከ ሐሙስ ዝም በል።»

«ሰው እየተታለለ?» አለኝ።

«ማን አታለለው? ራሱ ነው የመጣው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ሲመለከት ተውሁትና ወደ ሰዉ ወጣሁ።

ሰኞ ከሐሙሲት ከተማ ሳይቀር በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ። ባንቺአየሁ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ኪዲን ይዛት ደግማ መጣች። ኪዲ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ድክ ድክ ስትል ጀምሮ እኔ ግቢ ነው ያደገችው። በአሥራ አንድ ዓመቷ የሚጥል በሽታ ያዛት፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ክኒን ትውጣለች። ክኒኑን በደንብ ከወሰደች አይጥላትም፤ ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር። እሷ ግን ትማረራለች። «እማማ የብርጓል፣ ያደነዝዘኛል፤ ያጠናሁትን ያስረሳኛል» ትለኛለች። በዚያን ቀን እናቷ በጣሳ ስታፈስባት በብርዱ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ!

ባንቺአየሁ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ክኒኑን ከትናንት ማታ ጀምሮ አቁመናል፣ እትዬ» አለችኝ። «ጠበል ይዞ ክኒን መዋጥ መጠራጠር ነው ይላሉ። ካመንሁ በሙሉ ልቤ ልመን ብዬ ነው።»

ሐኪሙ «አንድ ቀንም እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ከቆመ አደገኛ ነው» ሲል እኔም አብሬያቸው ነበርሁ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፌን ከፈትሁ። «ባንቺ፣ ይህ እኮ የቧንቧ ውኃ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ስድስት ቃል! ግቢ ሙሉ ሰው ቆሟል፤ አንዲት ሴትዮ ደግሞ ነጠላዬን ይዛ እየሳመች ነው። ነገ ብቻ፣ ከነገ ወዲያ ብቻ፣ ሐሙስ ያበቃል፤ ሦስት ቀን ምን ያደርጋታል አልሁ ለራሴ። «እግዜር ይማራት» ብዬ አፌን ዘጋሁት።

ለአካሉ አልነገርሁትም። ብነግረው በዚያች ደቂቃ ሄዶ እንደሚዘጋው ዐውቃለሁና ነው ያልነገርሁት። ከዚህ የባሰ ክፋት ምን አለ?

ማክሰኞ አካሉ እህል አልቀመሰም። «ቤት ውስጥ ሆኜ ይሰማኛል» አለኝ። «በወለሉ በኩል ያጉረመርምብኛል። የብሬ፣ ይቅርብሽ፤ ልዝጋው።»

«ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ ሁለት ቀን መታገሥ ያቅትሃል?» ብዬ ጮኽሁበት። አቤት፣ ያ ጩኸቴ!

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቁርስ ቀርቦ ተቀምጠናል። ሰዉ ገና መምጣት አልጀመረም፤ ባንቺአየሁም ወደ ሥራ ወጥታለች። አካሉ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ እጁ በአየር ላይ ቆመ።

«ድምፁ ተለወጠ» አለ።

«የምኑ?»

«የውኃው። አንድ ነገር ከልክሎታል።» ይህን ብሎ በባዶ እግሩ ሮጠ።

እኔ ጫማ ስፈልግ ጩኸት ሰማሁ። «የብርጓል!» የሚል ጩኸት። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ባሌ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም፤ የማን ድምፅ እንደሆነ እንኳ አልለየሁትም። ስወጣ አካሉ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ኪዲን ታቅፏል። ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ልትጠመቅ ብቻዋን መጥታ ኖሯል፤ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች ነው። ውኃው ላይ ስታጎነብስ ጥሏት በፊቷ ተደፍታለች። ስንዝር የማይሞላ ውኃ ነበር። ፊቷ ጠቁሮ፣ ጥርሷ ገጥሞ ትንቀጠቀጣለች፤ ካፏ ጭቃ ይወርዳል። አካሉ በጎኗ አስተኝቶ አፏን በጣቱ ይጠርጋል። «ባጃጅ! ባጃጅ ጥሪ!» አለኝ፤ ያቺ ድምፁ ግን ተመልሳ ጠፍታ ነበር።

ሆስፒታል እስክንደርስ መንቀጥቀጡ አልቆመላትም፤ ከደረስንም በኋላ ብዙ ቆየ። ባንቺአየሁ ከሥራ ቦታዋ እየሮጠች መጣች፤ ነጠላዋ መንገድ ላይ ወድቆባታል። ሐኪሙ ወጥቶ የመጀመሪያ ጥያቄው «ክኒኗን መቼ ነው ያቆመችው?» የሚል ነበር።

«እሑድ» አለች ባንቺአየሁ።

አካሉ ዞሮ እኔን ዐየኝ። እኔ አልደነገጥሁም፤ አለመደንገጤን ነው ያየው። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ። እሱ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድሁ ነበር። «ይህን እንኳ ብትነግሪኝ» ብቻ ብሎ በእግሩ ወደ ቤት ሄደ።

እኔ ብርድ ልብስ ልወስድ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ግቢው እንደ ወትሮው ሞልቷል። አካሉ ቆጣሪውን ዘግቶ፣ በሰዉ መካከል፣ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቆፍራል። ሰዎች «ኧረ ተው! ኧረ በስመ አብ!» ይሉታል፤ ቀና ብሎም አያያቸው። ቧንቧው ሲወጣ የተበጠሰበትን ጫፍ በእጁ ያዘና ሁሉም እስኪያይ ድረስ ቆየ። ድምፁ ስለማይሰማ ሰዉ ራሱ ጸጥ አለ።

«ቧንቧ ነው» አለ። «እሑድ ዕለት ነው ያወቅሁት። ዝም ያልሁት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

የብርጓል ከለከለችኝ አላለም። እኔም ብርድ ልብሱን ታቅፌ በሩ ሥር እንደቆምሁ እኔ ነኝ አላልሁም። አንዲት ሴት ጠርሙሷን ከፍታ ውኃውን በእግሩ ላይ ደፋችና ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ጀሪካናቸውን አንዳንዱ ይዞ፣ አንዳንዱ ጥሎ ሄዱ። ወዲያው ስም አወጡለት። እኔ ምላሴ የማያርፈው ሴትዮ በዚያን ቀን ምላሴ ተሳሰረ።

ኪዲ በሦስተኛው ቀን ነቃች። ሰው ለየች፣ ስማችንን ጠራች፤ እልል ብለን ሳንጨርስ ግን ቀኝ እጇ እንደማይታዘዝላት ዐየን። ሐኪሙ «በጊዜ ብዛት ሊሻሻል ይችላል» አለ፤ ይሻሻላል አላለም። አካሉ በየቀኑ ምሳ ይዞ ይሄዳል፤ እጇን በሁለት እጁ ይዞ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያፍታታላታል። ቤት ሲመጣ ከእኔ ጋር ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ቃል አይናገርም። ለካስ ሹክሹክታውም ስንት ነገር ኖሯል፤ ቤቱ ጭር አለብኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከበሽተኞቹ ክፍል ውጭ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከባንቺአየሁ ጎን ተቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ መሸከም አልቻልሁም።

«ባንቺ፣ ልሙት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አልኋት። «አካሉ ሊዘጋው ነበር። እሑድ ዕለት ሊዘጋው ሲወጣ የያዝሁት እኔ ነኝ። ክኒኑን አቁመናል ስትዪኝም የቧንቧ ውኃ መሆኑን ዐውቅ ነበር። ዐውቄ ነው ዝም ያልሁሽ። ብትረግሚኝም፣ ብትተፊብኝም ይገባኛል።»

ባንቺአየሁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልትረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«በረኪና በረኪና ይሸት ነበር፣ እትዬ» አለች።

አልገባኝም።

«ውኃው። የመጀመሪያዋን ጣሳ ስጠጣ ነው ያወቅሁት። እኔ የቢሮ ወለል በበረኪና ሳጥብ የምውል ሴት ሽታው ይጠፋኛል?» እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። «ከቧንቧ የሚመጣ ነገር እንዳለ ዐውቄ ነበር። ግን ልጄ ሳቀች። ስድስት ዓመት ሙሉ 'እማዬ፣ መቼ ነው የምድነው' ስትለኝ መልስ አጥቼ ነበር፤ በዚያን ቀን 'ዳንሁ አይደል?' አለችኝ። እንዴት አድርጌ የቧንቧ ነው ልበላት? አንቺ አይደለሽም። እኔ እናቷ ነኝ የገደልኋት።»

ስትረበሽ አንቺ አለችኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፣ እንደ እህት ስለቆጠረችኝ። አቅፌያት አብረን አለቀስን። ቢሆንም ልቤ አልቀለለኝም። ሁለታችንም ዐውቀን ኖሮ፣ አንዳችን ለአንዳችን አንድ ቃል ብንተነፍስ ኖሮ ልጅቱ ዛሬ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር።

«እማዬ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ዓይናችንን ጠርገን ገባን። አካሉ ምሳ ዕቃውን ይዞ በሌላው በር ገብቶ አልጋው አጠገብ ቆሟል።

ኪዲ እናቷንም እኔንም ተራ በተራ ዐየችን። «ያንን ውኃ ለምን አታመጡልኝም?» አለች። «ዘጠኝ ቀን እኮ ሆነኝ። እሱ ቢነካኝ እጄ ይድን ነበር።»

ባንቺአየሁ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ወደ ወለሉ። አካሉ ምሳ ዕቃውን አስቀመጠና ድምፁ እንዲሰማት ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አለ።

«ኪዲዬ፣ ያ ውኃ የቧንቧ ውኃ ነበር። እኔ የቀበርሁት ቧንቧ ፈንድቶ ነው። እሑድ ዐውቄ ዝም አልሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ» አልሁ። በሰው ፊት ያን ጊዜ ነው የወጣልኝ። ጮኼ ኖሯል፤ የክፍሉ በሽተኞች ሁሉ ዞሩ።

ኪዲ ጣራውን ዐየች። እንባዋ በጎን ወርዶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ማናችንም ልንጠርግላት አልደፈርንም። በኋላ ፊቷን ወደ እናቷ መለሰች።

«እንግዲያው ክኒኔን ስጡኝ» አለች።

ቀኝ እጇን ልታነሣ ሞከረች። አልታዘዝ ሲላት አፏን ከፈተች። ባንቺአየሁ ክኒኑን ምላሷ ላይ አኖረችላት፤ እኔ አንገቷን ደግፌ ውኃውን አጠጣኋት።